ከአንድ ቡልኮ ሥር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አማኑኤል ደጋ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ያለ ቡልኮ አይገፋም። ባልና ሚስት በአንድ ቡልኮ የሚጠቀለሉት ከፍቅሩም በፊት ብርዱን ሽሽት ነው። የእንቅልፍ ተመራማሪዎችም ነገሩን ከሙቀት ይጀምሩታል።

እንቅልፍ ሊወስደን ሲል የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። ሙቀቱ በአብዛኛው የሚወጣው በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እጅና እግሩ የሞቀለት ሰው ቶሎ ያሸልባል፤ የቀዘቀዘበት ሲገላበጥ ይቆያል። ቀዝቃዛ እግሯን ባሏ ላይ የምትለጥፍ ሚስት፣ ባልየው ቢጮህም፣ ትክክል ናት።

ፍቅር ሲታከልበትስ? ከግንኙነት በኋላ፣ በተለይ እርካታ ላይ ሲደረስ፣ ኦክሲቶሲንና ፕሮላክቲን የተባሉ ሆርሞኖች በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ፤ ሰውነት ይላላል፣ ሐሳብም ይረጋጋል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት በተጠየቁ 778 አዋቂዎች ዘንድ፣ ከፍቅረኛ ጋር የተገኘ እርካታ ከተሻለ እንቅልፍ ጋር ተያይዟል። ይህ ግን ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው።

ይልቅ በ2020 ከጀርመን የወጣው ጥናት ያሳምነኛል። 12 ጥንዶች አብረውም፣ ለየብቻም ተኝተው የአንጎላቸው ሞገድ በመሣሪያ ተለካ። አብረው ሲያድሩ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል 10 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ መቆራረጡም ቀነሰ። እጅና እግራቸው የበለጠ ቢወራጭም እንቅልፋቸውን አላበላሸውም። እዚህ ላይ የተለካው አብሮ መተኛት እንጂ ግንኙነት አይደለም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከግንኙነት የሚታቀቡ የጎጃም ባልና ሚስት ጎን ለጎን እስከተኙ ድረስ ብዙ የሚቀርባቸው አይመስለኝም። ተኳርፈው ጀርባ የተሰጣጡ ግን ሌላ ናቸው፤ ንዴት የልብ ምትን ከፍ አድርጎ እንቅልፍን ያባርራል።

በደንብ መተኛትም በፊናው ፍቅርን ይጠራል። በአሜሪካዋ ሚሺጋን 171 ሴት ተማሪዎችን የተከታተለና በ2015 የወጣ ጥናት እንዳገኘው፣ ሴቲቱ አንድ ሰዓት ጨምራ በተኛች ማግስት ከፍቅረኛዋ ጋር የመገናኘት ዕድሏ 14 በመቶ ከፍ ይላል። ይህን ወደ ገጠር ጎጃም እናምጣው። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እሳት የምታያይዘው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ሌሊት ሕፃን የምታጠባው ሚስት ናት። ማታ ላይ ፊት ነሣችኝ የሚል ባል፣ ከመቀየሙ በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛች ይቁጠር።

አረቄውንም ይቀንስ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የሕልሙን እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ጉሮሮን አላልቶ ማንኮራፋት ያመጣል፣ ሚስትንም ይቀሰቅሳል። ሳይጠጣም በየሌሊቱ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ መሐል ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ቢያየው ለሁለቱም ይበጃል።