ሐኪሙ «መርፌ አያስፈልግህም» ሲል

ዛሬ የምንነጋገረው በድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ስለሚሰማ አንድ ቅሬታ ነው። «ትኩሳት ይዞኝ፣ መገጣጠሚያዬን ቆርጥሞኝ ሄድኩ፤ መርፌ ውጉኝ ብል እምቢ ብለው ፓራሲታሞል ብቻ ሰጥተው መለሱኝ» የሚል ነው።

ቅሬታው ተገቢ ነውን? ከመፍረዳችን በፊት በሽታውን እንወቅ። በከተማችን የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2013 ተከስቶ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ ጥሏል። ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች ናቸው።

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ሕመም ያስታግሳል ተብሎ የሚወደደው የዲክሎፌናክ መርፌ፣ እንዲሁም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን፣ ደንጊ የያዘውን ሰው ለደም መፍሰስ ሊያጋልጡት ይችላሉ። ግሉኮስም ቢሆን በአፉ መጠጣት ለሚችል ሕመምተኛ በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ከመጠን ካለፈ ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ሐኪሙ የከለከለን ሕክምናን ሳይሆን ጉዳትን ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ሕመምተኛው ዝም ይበል ማለት አይደለም። የቀን ሥራውን ትቶ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ የጠበቀ ሰው ሦስት ነገሮች ይገቡታል። አንደኛ፣ በአግባቡ መመርመር፤ በአካባቢያችን ወባም ስላለ የደም ምርመራው ሊታለፍ አይገባም። ሁለተኛ፣ የጠየቀው ለምን እንደተከለከለ በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ ወይም በአማርኛ፣ ሊነገረው ይገባል። ሦስተኛ፣ መቼ መመለስ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መቅበጥበጥ ከታየ በተለይ ትኩሳቱ በረደ ብሎ ሳይዘናጉ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

እነዚህ ከተጓደሉ ቅሬታው እውነተኛ ነው። በመጀመሪያ ሐኪሙን ራሱን በጨዋነት እንጠይቅ። ካልሆነ ለጤና ተቋሙ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለከተማው ጤና ቢሮ እናቅርብ። ስናቀርብም «መርፌ ከለከሉኝ» ሳይሆን «ሳይመረምሩኝ፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ መለሱኝ» ብንል ችግሩ መፍትሔ ያገኛል። በየሰፈሩ የሐኪሙን ስም ማጥፋት ግን ሐሜት እንጂ አቤቱታ አይደለም።

ተናደን ከፋርማሲ ገዝተን በሰፈር ሰው መወጋት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። አካላችን አማና ነው፤ የሐኪሙ እውቀትም አማና ነው። አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ይስጥልን።