ልጆች ጨዋታ ሲከፍቱ የቤቱን በር ማን ይጠብቃል?

ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አፓርትማ የሚኖር አንድ ወዳጃችን የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ የ13 ዓመት ልጁን ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጦ ያገኘዋል። «ምን እየሠራህ ነው?» ቢለው፣ «አባዬ፣ ሰርቨር ከፍቻለሁ። የኤድመንተኑም የዋሽንግተኑም የአክስቴ ልጆች እኛ ቤት መጥተው እየተጫወቱ ነው» አለው። አባት ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ማንም የለም። «በየት በኩል ነው የገቡት?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ቢያስቅም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ልጁ ዘመዶቹን ለማስገባት ሲል በራውተሩ ላይ ዲ-ኤም-ዚ የሚባለውን ምርጫ ከፍቶት ነበር። በዚያው ኮምፒዩተር እናቱ የባንክ ሒሳቧን ታያለች፣ አገር ቤት ገንዘብ ትልካለች፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቶቿንም ታስቀምጣለች።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩን ለመረዳት ራውተሩን እንደ ሕንፃ ዘበኛ ይቁጠሩት። ከቤት የወጣውን ሰው ያውቀዋል፤ ለእርሱ መልስ ይዞ የመጣውንም ያስገባል። ማንም ያልጠራውን እንግዳ ግን ከበር ይመልሳል። ልጅዎ ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ ሲጫወት ዘበኛው በሥራው ላይ ነው። «እኛ ቤት ኑ» ሲል ግን ለዘበኛው ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። «25565 ቁጥር በርን የጠየቀ ወደ ልጁ ኮምፒዩተር ይለፍ» ማለት ፖርት ፎርዋርዲንግ ይባላል። ዲ-ኤም-ዚ ግን «በየትኛውም በር የመጣ ሁሉ ወደዚህ ኮምፒዩተር ይለፍ» ማለት ነው።

«የእኔን ደሃ ቤት ማን ይፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። የሚፈልገው ሰው ሳይሆን ቀንና ሌሊት በየበሩ የሚያንኳኳ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ የወጡበት የምስጢር ቃል ያልተቀየረላቸውን ራውተሮችና ካሜራዎች በብዛት ማረከ። የፈጠሩት ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ መነሻቸው በማይንክራፍት ሰርቨር ንግድ ተፎካካሪን መምታት ነበር። በዲሴምበር 2017 ጥፋታቸውን አምነዋል። የቫይረሱ ኮድ ለሕዝብ ከተበተነ በኋላ ኦክቶበር 21 ቀን 2016 በደረሰው ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉት ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተቋርጠው ነበር። ባለቤቶቹ ሳያውቁ የቤታቸው ዕቃ ለሌላ ሰው ጦር ዘማች ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከልጅዎ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚከተለውን ይሥሩ።

አንደኛ፣ የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ። አድራሻው ብዙውን ጊዜ በቤል 192.168.2.1፣ በሮጀርስ 10.0.0.1 ነው፤ አንዳንዱ ምርጫ የሚገኘው በስልክ መተግበሪያ ነው። የአስተዳዳሪውን የምስጢር ቃል ይቀይሩ። ይህ ከዋይፋይ የምስጢር ቃል የተለየ ነው። የራውተሩ ፕሮግራም መታደሱንም ያረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ዲ-ኤም-ዚ ተከፍቶ ከሆነ ይዝጉ። ዩ-ፒ-ኤን-ፒ የሚባለውንም ቢዘጉት ይመረጣል። እርሱ ክፍት ከሆነ ማንኛውም ፕሮግራም ቤተሰቡን ሳያማክር ዘበኛውን በር ማስከፈት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለጨዋታው ኮምፒዩተር በቤት ውስጥ የማይለዋወጥ አድራሻ ይስጡት፤ አለዚያ ነገ አድራሻው ተለውጦ እንግዳው ወደ ሌላ ዕቃ ሊላክ ይችላል።

አራተኛ፣ አንድ በር ብቻ ይክፈቱ። ለማይንክራፍት ጃቫ 25565 በቲ-ሲ-ፒ፣ ለቤድሮክ 19132 በዩ-ዲ-ፒ ነው። ሌላ ጨዋታ ከሆነ ቁጥሩን ከአምራቹ መመሪያ ይመልከቱ።

አምስተኛ፣ በጨዋታው ውስጥ ዋይትሊስት የሚባለውን ያብሩ። እንደ ሠርግ ጥሪ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ አይገባም። ይህ ልጆቹን ከማይታወቅ ጎልማሳም ይጠብቃል። የቤቱን የኢንተርኔት አድራሻ ለዘመድ እንጂ በአደባባይ አይስጡ።

ስድስተኛ፣ ጨዋታውን ሁልጊዜ ያሳድሱ። በዲሴምበር 2021 ሎግ-ፎር-ጄ በተባለው የፕሮግራም ክፍል በተገኘ ቀዳዳ ምክንያት፣ በጨዋታው መነጋገሪያ ላይ አንድ መስመር በመጻፍ ብቻ የሰው ሰርቨር ይማረክ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው 1.18.1 በተባለው እትም ሲሆን፣ ሳያድስ የቀረው ግን በሩ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

ሰባተኛ፣ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ሰርቨር አይሁን። አሮጌም ቢሆን ሌላ ይመደብ። ጨዋታው ሲቀር ደግሞ የከፈቱትን በር መልሰው ይዝጉ።

ይህ ሁሉ አድካሚ ከመሰለዎት ሪልምስ የሚባለው የማይንክራፍት አገልግሎት አለ። በየወሩ ይከፈልበታል እንጂ እንግዶቹ የሚስተናገዱት በኩባንያው ቤት ስለሆነ የእርስዎ በር አይከፈትም። የኢንተርኔት ኩባንያዎ ለቤትዎ የብቻው የሆነ የውጭ አድራሻ ካልሰጠም ፖርት ፎርዋርዲንግ ስለማይሠራ ይኸው መንገድ ይሻላል።

ወዳጃችን መጀመሪያ ገመዱን ነቅሎ ሊጥለው ቃጥቶት ነበር፤ ግን አሰበበት። እርሱና እኅቱ አንድ ግቢ ውስጥ አድገዋል፤ ልጆቻቸው ግን አንዱ ቶሮንቶ፣ ሌላው ኤድመንተን፣ ሌላው ዋሽንግተን ነው ያሉት። የሚተዋወቁት በዓመት አንድ ሠርግ ላይ፣ ከተገኘም ነው። ያ ጨዋታ የእነርሱ ግቢ ሆኗል። ስለዚህ አባትና ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ዲ-ኤም-ዚውን ዘጉ፤ አንዲት በር ከፈቱ፤ የአክስት ልጆችን ስም አንድ በአንድ መዘገቡ። እናትም ወረቀቶቿን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር አዛወረች።

ግቢ ያለ በር አይሆንም፤ በርም ያለ ዘበኛ አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ማታ ልጅዎን «በየት በኩል ነው የሚገቡት?» ብለው ይጠይቁት። ቸር ይግጠመን።