ማድመጥ ሕክምና የሆነበት ጥበብ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው፤ ነገር ግን በሽተኛው ሕመሙን የደበቀው ከሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ራሱም ቢሆን፥ የት እንደ ደበቀውም ፈጽሞ ባያውቅ፥ መድኃኒቱ ከወዴት ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የቪዬናው ሐኪም ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ ያቆመው የምርመራና የሕክምና ሥርዓት ሳይኮአናሊሲስ ይባላል። የሥርዓቱን ጠባይ ለመረዳት ግን ከፍሮይድ አስቀድሞ፥ ሐኪሟን ማድመጥን ካስተማረች ከአንዲት ወጣት ታሪክ መጀመር ይሻላል።

ዮሴፍ ብሮየር የተባለ በቪዬና ስመ ጥር የነበረ ሐኪም በ1880 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የ21 ዓመት ልጃገረድ ማከም ጀመረ። ልጅቱ የታመመ አባቷን ስታስታምም ቈይታ ራሷ ወድቃ ነበር፤ ቀኝ እጇ ሰለለ፥ ዓይኗ ፈዘዘ፥ የአፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ጠፍቷት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበትም ጊዜ መጣ። በአካል ላይ ምክንያቱ ሊገኝ ላልቻለ እንዲህ ላለው ሕማም የዘመኑ ሐኪሞች ሂስተሪያ የሚል ስም ሰጥተውት ነበር፤ ስሙን ከሰጡ በኋላም ብዙዎቹ የሕመምተኛዋን ቃል እንደ ቅዠት ቈጥረው ያልፉት ነበር። ብሮየር ግን ማታ ማታ ከአጠገቧ ተቀምጦ የምትለውን ሁሉ ሰማ።

በጋው በነደደበት ወራት፥ ጥማት እያቃጠላት ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ከንፈሯ ስታደርስ እንደ አስጸያፊ ነገር መልሳ ትገፋው ጀመር፤ ስድስት ሳምንት ያህልም ጥሟን የምትቈርጠው እንደ ሐብሐብ ባለ ፍሬ ነበር። አንድ ቀን በሰመመን ውስጥ ሳለች፥ የማትወዳት እንግሊዛዊት ደንገጡሯ ውሻ ከብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ እንዳየችና ለይሉኝታ ስትል ዝም እንዳለች በብርቱ ጥላቻ ተናገረች። ያን የታፈነ ቍጣ ካወጣች በኋላ ውሃ ጠይቃ ያለ አንዳች ችግር ብዙ ጠጣች፤ ብርጭቆውም ከከንፈሯ ሳይነሣ ከሰመመኗ ነቃች። ብሮየርና ወጣቱ ባልደረባው ፍሮይድ ይህን ታሪክ፥ የልጅቱን ስም አና ኦ. በሚል ምሥጢራዊ ስም ሸፍነው፥ በ1895 ስለ ሂስተሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ ለዓለም ገለጡት።

ፍሮይድ በ1885 ወደ ፓሪስ ሄዶ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ከታላቁ ሐኪም ከሻርኮ ዘንድ ሲማር፥ በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው በሐኪሙ ቃል ብቻ ክንዱ ሲሰልልና ሲፈታ አይቶ ነበርና፥ አሳብ በሥጋ ላይ ያለውን ሥልጣን ተረድቶ ተመለሰ። ሆኖም በሰመመን ሁሉም የማይያዝ፥ ፈውሱም የማይጸና ሆኖ ስላገኘው ውሎ አድሮ ተወው፤ በምትኩም አንዲት ቀላል የምትመስል፥ ነገር ግን እጅግ የምታስጨንቅ ሕግ ሠራ። በቪዬና በበርግ ጎዳና በቍጥር 19 ቤት፥ ሕመምተኛው ምንጣፍ በለበሰ ድንክ አልጋ ላይ ጋደም ይላል፤ ሐኪሙ ከራስጌው በኩል፥ ፊቱ በማይታይበት ስፍራ ይቀመጣል፤ ሕመምተኛውም ወደ ልቡ የመጣውን ሁሉ፥ ቢያሳፍርም፥ ቢያስቀይምም፥ ከንቱ ቢመስልም፥ ሳይመርጥ እንዲናገር ይታዘዛል። ይህም በየሳምንቱ ብዙ ቀን፥ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል፥ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ፍሮይድ ከኋላ የሚቀመጥበትን ምክንያት ሲገልጥ፥ በቀን ስምንት ሰዓት ሰው ሲያፈጥበት መዋል እንደማይችል ሳይሸሽግ ተናግሯል።

ከሕጉ በስተኋላ ያለው ትምህርት በአጭሩ ሲነገር ይህን ይመስላል። ሰው የሚያውቀው ልቡናው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ከዚያ በታች ኅቡእ ልቡና አለ፤ የሚያሳፍር ምኞት፥ የተዋጠ ቍጣ፥ የሕፃንነት ፍርሃት ወደዚያ ይገፋሉ፤ ተገፍተውም አይሞቱም፥ መልካቸውን ለውጠው በሕመም፥ በሕልም፥ በአፍ ወለምታ ይመለሳሉ። ፍሮይድ ለዚህ ከሚያነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ የኦስትሪያ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነው፤ ጉባኤው ተከፍቷል ማለት ሲገባው ተዘግቷል ብሎ ቢያውጅ፥ ፍሮይድ ሰውዬው ከዚያ ጉባኤ በጎ ነገር ስላልጠበቀ ሳይጀመር እንዲያልቅ ተመኝቷል ሲል ተረጐመው። ስለ ሕልም ፍቺ የጻፈው መጽሐፍ በ1899 መጨረሻ ሲወጣ 600 ያህል ቅጂ ብቻ ታትሞ፥ እርሱንም ሸጦ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ፈጀ።

የእኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ የንስሐ አባቱን ማሰቡ አይቀርም፤ ፍሮይድም ራሱ በ1926 ሁለቱን አነጻጽሮ ልዩነቱን አሳይቷል። ተናዛዥ የሚያውቀውን ኃጢአት ይናገራል፤ በዚህ ሕክምና ግን ሕመምተኛው ከሚያውቀው በላይ እንዲናገር ይፈለጋል። ካህኑ ቀኖና ሰጥቶ በእግዚአብሔር ስም ይፈታል፤ ሐኪሙ ግን የሚፈታው ሥልጣን የለውም፥ ሕመምተኛው የራሱን ነገር ራሱ እስኪያውቅ ድረስ ይጠብቃል እንጂ። በመካከልም ሕመምተኛው ለአባቱ ወይም ለእናቱ የነበረውን ፍቅርና ቂም ሳያውቀው በሐኪሙ ላይ ያሳርፋል፤ ፍሮይድ ይህን መጀመሪያ እንደ መሰናክል ቈጠረው፥ በኋላ ግን የሕክምናው ዋና መሣሪያ አደረገው፤ የድሮው ጠብ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ እንደገና ሲነሣ በዓይን ሊታይና ሊመረመር ይችላልና።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ነቀፌታ አልቀረም። ካርል ፖፐር የተባለው የቪዬና ተወላጅ ፈላስፋ፥ ማናቸውም የሰው ጠባይ የማያፈርሰው ትምህርት ሳይንስ ሊባል አይችልም ሲል ተከራከረ፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ ለአእምሮ ሕመም የተገኙት መድኃኒቶችም የድንክ አልጋውን ክብር ቀነሱት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከራሱ ከመጀመሪያው ታሪክ የሚነሣው ነው፤ አና ኦ. ድና እንደ ወጣች በመጽሐፉ ቢነገርም፥ ከብሮየር ሕክምና በኋላ በ1882 በስዊዘርላንድ ክሮይትስሊንገን በሚገኝ የሕሙማን ቤት ተኝታ ነበር። በኋላ ስሟ ሲገለጥ ቤርታ ፓፐንሃይም መሆኗ ታወቀ፤ በፍራንክፈርት የሙት ልጆች ቤት ያስተዳደረች፥ በ1904 የጀርመን አይሁዳውያት ሴቶችን ማኅበር የመሠረተች፥ ልጃገረዶችን ለዝሙት የሚሸጡትን ነጋዴዎች የታገለች ታላቅ ሴት ሆና ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ቢይዝ መልካም ነው። ፍሮይድ ስለ ሕልም፥ ስለ ሕፃንነትና ስለ ፍትወት ያስተማረው ተፈትኖ ከፊሉ ሊወድቅ፥ ከፊሉም ሊጸና ይችላል፤ የሕመምተኛ ቃል ለምርመራ የሚበቃ ምስክር ነው፥ ትርጉም የሌለው የሚመስለውም ሕመም ታሪክ አለው የሚለው ግን ከእርሱ ትምህርት ተለይተው የወጡት ሳይቀሩ ይዘውት የሄዱት ርስት ነው። በሳይኮአናሊሲስ ሠልጥኖ በኋላ በተቃራኒው መንገድ የሄደው አሜሪካዊው አሮን ቤክ እንኳ ሥራውን የጀመረው የሕመምተኞቹን አሳብ ቃል በቃል በማዳመጥ ነበር። ዛሬ በየትም አገር የተጨነቀን ሰው ተቀምጦ የሚሰማ ሐኪም፥ ፍሮይድን አንብቦ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፥ የዚያችን የቪዬና ልጃገረድ ብድር ይከፍላል።