የድንጋይ ቤትና ኦፕን ደብሊውአርቲ

ሰቆጣ ላይ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ራውተር ካስገቡ ሳሎን ደህና ይሠራል፣ ጓዳ ሲገቡ ይጠፋል። ብዙ ሰው ወዲያው መስመሩን ያማርራል። መጀመሪያ ግን ላፕቶፕ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቶ መሞከር ነው። በኬብል የሚፈጥን ከሆነ መስመሩ ነፃ ነው፤ ችግሩ ዋይፋዩ ጋ ነው።

ዋይፋይን ለመመርመር እንደ ኦፕን ደብሊውአርቲ የምወደው መሣሪያ የለም። ይህ ነፃ ፈርምዌር ነው፤ ከራውተሩ ጋር የመጣውን ሶፍትዌር አውጥቶ በቦታው ይቀመጣል። መነሻው ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ያወጣው ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለ ራውተር ነው። ውስጡ ሊኑክስ መኖሩ ታወቀና የሊኑክስ ፈቃድ ስለሚያስገድድ ኩባንያው በ2003 ኮዱን ለቀቀ። በዓመቱ በጎ ፈቃደኞች ኦፕን ደብሊውአርቲን ጀመሩ።

ትልቁ ጥቅሙ ማሳየቱ ነው። የዋይርለስ ገጹን ሲከፍቱ የተገናኘው ስልክ ሁሉ ከነሲግናሉ ተዘርዝሮ ይታያል፣ መለኪያው ዲቢኤም ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል፦ -50 ግሩም ነው፣ -67 አካባቢ የቪዲዮ ጥሪ ይችላል፣ ከ-80 ወዲያ መቆራረጥ ነው። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር ሌላው ቁጥሩን ቢያነብ የትኛው ግድግዳ ምን ያህል እንደሚበላ በዓይን ይታያል። የብረት በርና ቆርቆሮ ሲግናሉን ይመልሱታል፤ ውኃ የሞላ በርሜልና ጀሪካን ደግሞ ይውጡታል። ስለዚህ ራውተሩን ከበርሜሉ ጀርባ አንስቶ ከፍ ያለ ቦታ፣ በሩ ትይዩ ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። አንቴናው በጎኑ እንጂ በጫፉ አቅጣጫ አያሰራጭም፤ ወደ ጓዳ ማነጣጠር ጉዳት ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቁም።

አዲስ ፈርምዌር ከተጫነ በኋላ ሲግናል ደከመ የሚል ሰው የአገር ኮዱን ይይ። ኢትዮጵያ ተብሎ ካልተመረጠ ራውተሩ ለዓለም ሁሉ በሚሠራው ጥብቅ ደንብ ይሄዳል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል። የሌላ አገር ኮድ መርጦ ጉልበት መጨመር የሚያምራቸው አሉ። አልመክርም፤ ሕግ መጣስ ነው፣ ፋይዳውም ትንሽ ነው። ከ17 ወደ 20 ዲቢኤም ሲወጣ የራውተሩ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ስልኩ ግን የሚመልሰው በራሱ ትንሽ ጉልበት ነው። ማዶ ለማዶ ሲጣሩ የአንዱ ድምፅ ብቻ ቢጎላ መደማመጥ አይመጣም።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጎረቤት ያልያዘውን፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ ማድረግ ይበቃል።

ፈርምዌሩን ከመጫንዎ በፊት የራውተሩን ሞዴል ከነቨርዥኑ ከጀርባው ያንብቡ። ብሮድኮም ቺፕ ያለባቸው ብዙዎቹ ዋይፋያቸው በደንብ አይደገፍም፤ 4 ሜጋባይት ፍላሽ ብቻ ያላቸው አሮጌዎችም አዲሱን ቨርዥን አይችሉም። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ደግሞ አይሞከርም። ጭነቱ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ራውተሩ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል፤ በባትሪ የሚሠራ ምትክ ኃይል ቢኖር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጓዳው አሁንም -80 ካለ ግድግዳውን በአየር ማለፍ መተው ነው። የኔትወርክ ኬብል በበሩ ጥግ አሳልፎ አንድ አሮጌ ራውተር ጓዳ ማስቀመጥ፣ ዲኤችሲፒውን (አድራሻ የሚያድለውን) አጥፍቶ ኬብሉን ላን በሚለው ቀዳዳ መሰካት፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከሳሎኑ ጋር አንድ ማድረግ፣ ቻናሉን ግን መለየት።