ፈጣን ውርወራ ከእግር ይጀምራል

ክንደ ብርቱ ሰው ሁሉ ፈጣን ወርዋሪ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የኳስ ፍጥነት የሚነሣው ከእግር ነውና። ይህንኑ በእጅ ኳስ ጨዋታ ምሳሌነት ለውድ አንባብያን ባጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በእጅ ኳስ የቅጣት ውርወራ የሚወረወረው ከግቡ 7 ሜትር ርቆ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን ርቀት በ0.35 ሴኮንድ ይጨርሰዋል፤ ፍጥነቱ 90 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ግን 0.28 ሴኮንድ ይበቃዋል። በረኛው እጁን ለማንሣት ጊዜ የሚያጣው በዚህች ጥቂት ልዩነት ነው።

ፍጥነቱ እንዴት እንደሚገኝ ለመረዳት የቡሄን ጅራፍ እናስብ። ጅራፍ ከእጀታው በኩል ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው። እጃችን የሰጠው ኃይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ ፍጥነቱ እያደገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጫፉ ከድምፅ ስለሚቀድም ይጮኻል። የወርዋሪም አካል እንደዚሁ ነው። በቀኙ የሚወረውር ሰው ግራ እግሩን ወደ ፊት ይተክላል፤ ዳሌው ይዞራል፤ ደረቱ ይከተላል፤ ከዚያም ትከሻው፣ ክርኑ፣ በመጨረሻም የእጁ አንጓ በየተራቸው ይመጣሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢነሡ ግን ጅራፉ በትር ሆነ ማለት ነው።

ልምምዱም ይህንኑ ተራ መከተል አለበት። እኔ በምኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም የብሎካችንን ደረጃ በሳምንት ሦስት ቀን እየሮጥሁ እወጣለሁ፤ ይህ ለእግር ነው። ቀጥሎ ከበድ ያለ ኳስ በሁለት እጄ ይዤ፣ ወገቤን አዙሬ ለጓደኛዬ እወረውርለታለሁ፤ ይህ ለዳሌና ለደረት ነው። ሰውነቴን ካሟሟቅሁ በኋላ የመጫወቻውን ኳስ በሙሉ ኃይሌ ጥቂት ጊዜ ብቻ ወርውሬ አርፋለሁ። ፍጥነት የሚለመደው ሰውነት ሳይደክም ነውና።

የ12 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ግን ክርኑን እያመመው ከጧት እስከ ማታ ይወረውር ነበር። «ካላመመ አይጠነክርም» ይል ነበር። በዚህ ዕድሜ አጥንት የሚያድግበት ሥፍራ ገና ለጋ ስለ ሆነ፣ ያለ ዕረፍት ሲሳብ ይጎዳል። በአሜሪካ ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ቤዝቦል ማኅበር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውርወራን ብዛት ወስኗል፤ ለመቺው ኳስ የሚወረውር የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ የቀን ወሰኑ 85 ነው። የቤዝቦል ኳስ ክብደቱ ወደ 145 ግራም ሲሆን፣ የአዋቂ ወንዶች እጅ ኳስ ግን ከ425 እስከ 475 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ቀላል ኳስ ለሚወረውሩት ወሰን ካስፈለገ፣ ለእኛማ እንዴት አያስፈልግ?

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ልጃችሁ ክርኑን ሲያሽ ብታዩ «ቻለው» አትበሉት። ኳሱን ተቀብላችሁ አሳርፉት፤ ሕመሙ ካልተወው ለሐኪም አሳዩት። ወንድሜም ዛሬ ኳሱን አስቀምጦ ከእኔ ጋር ደረጃ ይወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና፣ ወርዋሪም ጕዞውን በእግሩ ይጀምር።