የትኛው ሲም ካርድ ይፈጥናል? ከመግዛታችን በፊት እንለካ



በዕረፍት ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያከራክራችሁ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለኢንተርኔት ቴሌሶም ይሻላል ወይስ ሶምቴል?» የሚለው ነው። አንዱ የወንድሙን ስልክ ምስክር ያደርጋል፣ ሌላው የጎረቤቱን። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ይቀጥላል፣ በማግስቱም ካቆመበት ይነሣል። በዛሬው ጽሑፍ ይህኛው ይሻላል ብዬ አልፈርድም። ይልቁንም ፍርዱን ራሳችሁ እንዴት እንደምትሰጡ እናያለን። ሌላ ሰው የሚነግራችሁ መልስ ለእሱ ሰፈርና ለእሱ ሰዓት ብቻ እውነት ሊሆን ይችላልና። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላንሣ። አንዲት ተማሪያችን ለትምህርት ዕድል የሚሞላ ቅጽ ነበራት። ማስረጃዎቿን በስልክ ፎቶ አንሥታ፣ በመጨረሻው ቀን ማታ ለመላክ ተቀመጠች። እናቷ ልብስ አጥበው ካገኙት ገንዘብ ሰጥተዋት፣ ጓደኞቿ «ፈጣን ነው» ባሉት ካርድ የአንድ ቀን ጥቅል ገዝታ ነበር። ቪዲዮ ስትነካ ወዲያው ይከፈታል። ፎቶዎቹ ግን አልሄድ አሉ። ግማሽ ላይ ይደርሱና ይቋረጣል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቅጹ ተዘጋ። በማግስቱ «ፈጣን ነው ተብሎ አልነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሳሰላ ነው። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ምርጫው ለብዙዎቻችን አዲስ ነው

በኢትዮጵያ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኝ ነበር። ሁለተኛ ድርጅት፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ አገልግሎት የጀመረው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያለው አንድ ብቻ ነበርና። እዚህ ሐርጌሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2002 የተቋቋመው ቴሌሶምና በዳሃብሺል ሥር ያለው ሶምቴል ሲወዳደሩ ኖረዋል። ለብዙ ዓመታትም የአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው መደወል ስለማይችል ሁለት ካርድ፣ አንዳንዴም ሁለት ስልክ መያዝ የከተማው ልማድ ሆነ። ስለዚህ ለመለካት የሚያስፈልገው ዕቃ በብዙ ቤት አለ ማለት ነው።

ፍጥነት ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ቃል ብንለውም በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የማውረድ ፍጥነት ነው። ይህም ከሩቅ ወደ ስልካችን የሚመጣው መረጃ በሴኮንድ ስንት ነው ማለት ነው። ሁለተኛው የመላክ ፍጥነት ነው፤ ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄደው ማለት ነው። ሦስተኛው መዘግየት ነው፤ አንድ ጥያቄ ልከን መልሱ እስኪመለስ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

በቧንቧ ልንመስለው እንችላለን። ቧንቧው ሰፊ ከሆነ ባልዲው ቶሎ ይሞላል፤ ይህ የማውረድ ፍጥነት ነው። ቧንቧውን ከከፈትን በኋላ የመጀመሪያዋ ጠብታ እስክትደርስ የምንጠብቀው ደግሞ መዘግየቱ ነው። ሰፊ ሆኖ የሚዘገይ ቧንቧ አለ፤ ጠባብ ሆኖ ቶሎ የሚደርስም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንይ። የኔትዎርክ ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው። የፋይል መጠን ግን የሚነገረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የተባለ ኔትዎርክ በሴኮንድ የሚያወርደው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። «8 ብለው 1 ሰጡኝ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት በ8 አካፍሉ።

በስልካችሁ ጫፍ ላይ ያለው ፊደል

ከስልኩ አናት፣ ከሞገዱ ምልክት አጠገብ ፊደል ትታያለች። «ጂ» ወይም «ኢ» ከሆነች በ2ኛው ትውልድ ላይ ናችሁ። «ኢ» በወረቀት ላይ እስከ 384 ኪሎቢት በሴኮንድ ትሄዳለች ይባላል፤ «ጂ» ከእሷም ታንሳለች። «3ጂ» ወይም «ኤች» ከሆነች 3ኛው ትውልድ ነው፤ ያለ መደመር ምልክት እስከ 14 ሜጋቢት፣ ከመደመር ምልክት ጋር እስከ 42 ሜጋቢት። «4ጂ» ወይም «ኤልቲኢ» ከሆነች ከ100 ሜጋቢት በላይ ይባላል።

«በወረቀት ላይ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ቁጥር አንድ ሰው ብቻውን፣ ከማማው ሥር ቆሞ፣ ማንም ሳይሻማው የሚያገኘው ነው። አንድ የአንቴና ማማ ያለውን አቅም በዙሪያው ላሉት ስልኮች ሁሉ ያካፍላል። እንጀራው አንድ፣ በላተኛው ብዙ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ድርሻችን ያንሳል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ድርሻችን ይሰፋል። በሞገዱ ምልክት ላይ አምስቱም መስመር ሞልቶ ቪዲዮው የሚቆመው ለዚህ ነው። መስመሮቹ የሚነግሩን ማማው ምን ያህል እንደሚሰማን እንጂ ስንት ሰው እንደሚሻማን አይደለም።

ሐርጌሳ ደግሞ ኮረብታ ያላት ከተማ ናት። ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ጉብታ ሞገድን ያዳክማሉ። ስለዚህ ጅግጅጋ የር ላይ የፈጠነ ካርድ ከወንዙ ማዶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሊያነክስ ይችላል። ጓደኛችሁ አልዋሸም፤ የነገራችሁ ግን የራሱን ቤት ነው።

መላክ ለምን ይከብዳል?

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። የማማው አንቴና ኃይሉ በአሥር ዋቶች ይቆጠራል። የስልካችን ኃይል ግን ከአንድ ዋት ሩብ አያልፍም፤ ባትሪ ነውና። ማማው ይጮኻል፣ ስልኩ ያንሾካሹካል። ኔትዎርኮችም አብዛኛውን አቅማቸውን ለማውረድ ይመድባሉ። ስለዚህ የመላክ ፍጥነት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከማውረድ ያነሰ ነው።

ከእሷ ቤት ሆነን በዚያው ሰዓት ስንለካ፣ የማውረዱ ፍጥነት 8 ሜጋቢት፣ የመላኩ ግን 0.2 ሜጋቢት ሆኖ ተገኘ። አራት ፎቶዎች ነበሯት፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት።

4 × 4 = 16 ሜጋባይት
16 × 8 = 128 ሜጋቢት
128 ÷ 0.2 = 640 ሴኮንድ

ይህም 10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ። ፎቶዎቹን አሳንሳ እያንዳንዱን 0.2 ሜጋባይት ብታደርጋቸው ኖሮ በጠቅላላው 6.4 ሜጋቢት ይሆናል፤ በዚያው ደካማ መስመር በ32 ሴኮንድ ያልቃል። በ0.2 ሜጋባይት የምስክር ወረቀት ጽሑፍ በደንብ ይነበባል። እኔ ይህን ቀደም ብዬ በክፍል አስተምሬ ቢሆን ኖሮ ያች ሌሊት ሌላ ትሆን ነበር። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

መንገዱ ከማማው በኋላም አለ

ማማው የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ከሐርጌሳ የሚወጣው መረጃ በየብስ በተዘረጋ የፋይበር ገመድ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ሥር ገመድ ወደ ዓለም ይሄዳል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የምንፈልገው ኮምፒዩተር በገመድ 8,000 ኪሎ ሜትር ርቆ አውሮፓ ውስጥ ቢሆን፣ ሄዶ ለመመለስ ብቻ 80 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ይህን የትኛውም ካርድ ሊያሳጥረው አይችልም።

ገመድ ሲቆረጥም ሁሉም ይጎዳል። በጁን 2017 ከሞቃዲሾ ወደ ባሕር የሚገባው ገመድ በመርከብ ተቆርጦ ደቡብ ሶማሊያ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት አጥታ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች ተቆርጠዋል። እንዲህ ባለ ቀን ካርድ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

በመንገዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ የምንደውልላቸው ሰዎች አሉ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡ ሳይመልስለት ሲቀር ካርዱ የዘገየ መስሎት ጥቅል በጥቅል ላይ የገዛ ሰው ነበር። ልጆቼ፣ ከቤት ድምፅ ሲጠፋ በመጀመሪያ ሌላ ነገር ክፈቱ፣ የዜና ገጽ ለምሳሌ። እሱ ከከፈተ ችግሩ በእናንተ ካርድ ላይ አይደለም። ገንዘባችሁን ያዙ፤ ወላጆቻችሁንም እንደዚሁ አስረዱ።

ታዲያ እንዴት እንለካ?

ስፒድቴስትን የመሰሉ የፍጥነት መለኪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ጥቅል ይበላሉ። በ20 ሜጋቢት ፍጥነት 10 ሴኮንድ ማውረድ ብቻ 200 ሜጋቢት፣ ማለትም 25 ሜጋባይት ይወስዳል። ኔትዎርኩ በፈጠነ ቁጥር የሚበላውም ይበዛል። ጥቅላችሁ ትንሽ ከሆነ በሰዓት ለኩ።

1ኛ/ ስልኩ አንድ ይሁን። ሁለት የተለያዩ ስልኮችን ካወዳደራችሁ የለካችሁት ስልኩን ነው። ሁለት ካርድ በሚይዝ ስልክ ከሆነ ካርዶቹን አቀያይራችሁም ለኩ። በብዙ ርካሽ ስልኮች አንደኛው ማስገቢያ 4ጂ ሲሠራ ሁለተኛው 2ጂ ብቻ ነው የሚሠራው። በዚህ ምክንያት ብዙ ካርድ በሐሰት ተወንጅሏል።

2ኛ/ ቦታው አንድ ይሁን፤ በተለይም የምታጠኑበት ቦታ።

3ኛ/ ሰዓቱ የተለያየ ይሁን፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ምሽት 2 ሰዓት። ሁለቱን ካርዶች ግን በየሰዓቱ ተከታትላችሁ ለኩ።

4ኛ/ የመጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አውርዱ፣ ሴኮንዱን ቁጠሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ምዕራፍ አውርዱ፤ ስልኩ የቀድሞውን ከራሱ ማኅደር አውጥቶ እንዳያታልላችሁ። ቀመሩም፦ ሜጋባይት × 8 ÷ ሴኮንድ = ሜጋቢት በሴኮንድ።

5ኛ/ አንድ ፎቶ ለጓደኛ በመላክ የመላኩን ፍጥነትም ለኩ። ፎቶውን በሰነድ መልክ ላኩት፤ አለዚያ ስልኩ ራሱ ያሳንሰዋል።

6ኛ/ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። 2 ሜጋባይት አንድ ጊዜ በ8፣ አንድ ጊዜ በ10፣ አንድ ጊዜ በ40 ሴኮንድ ወረደ እንበል። አማካዩ ከ19 ሴኮንድ በላይ ይሆናል፤ አንዷ ክፉ አጋጣሚ አበላሽታዋለችና። መካከለኛው 10 ነው። 16 ÷ 10 = 1.6 ሜጋቢት በሴኮንድ።

ለየትኛው ሥራ?

ከለካችሁ በኋላ «የትኛው ይፈጥናል?» አትበሉ፤ «ለየትኛው ሥራ?» በሉ። መጽሐፍ ለማውረድ ማውረዱ የሚሻለውን፣ ያውም ሌሊት ወይም ማለዳ። ቅጽና ፎቶ ለመላክ መላኩ የሚሻለውን። ከቤተሰብ ጋር በድምፅ ለመነጋገር ከ0.1 ሜጋቢት ብዙም የማይበልጥ ይበቃል፤ ዋናው መዘግየቱ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንደሚለው ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሴኮንድ በታች ከደረሰ ንግግር ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ለዚህ ውዱ ጥቅል አያስፈልግም። ዋጋውንም በፍጥነቱ አጠገብ ጻፉ፤ ሁለት ካርዶች ለሥራችሁ እኩል ከበቁ ርካሹ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አስፈላጊ ቅጽን ለመጨረሻው ምሽት አታቆዩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በላተኛው ብዙ ነው ብለናል።

የቤት ሥራ

ሀ/ 5 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በ40 ሴኮንድ ወረደ። ፍጥነቱ በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት ነው?
ለ/ በሴኮንድ 0.5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 3 ሜጋባይት ለመላክ ስንት ሴኮንድ ይፈጃል?
ሐ/ በቤታችሁ ያሉትን ካርዶች ለክታችሁ ሰፈራችሁን፣ ሰዓቱንና ውጤቱን በወረቀት አምጡ።

ውጤቶቻችሁን በአንድ ሰንጠረዥ አድርገን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ማን መቼ ቢልክ እንደሚሻለው ከሰሌዳው ማንበብ ይቻላል። በዕረፍት ሰዓት የሚደረገው ክርክርም ከዚያ ወዲያ በቁጥር ይሁን።

መልካም ጥናት።