የመዋጮው ብር የት ደረሰ?

ሀብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የትምህርት ቤት መዋጮን ያውቀዋል። ምዝገባ ሲደርስ ስብሰባ ይጠራል፤ ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ፣ ችግሩን ይዘረዝራል። ኮምባይንድ ዴስክ አንሷል፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ቤተ ሙከራው ዕቃ የለውም፣ የሴቶች መጸዳጃ በር የለውም። ከዚያ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ብር ይባላል። የሚያጨበጭብ አለ፣ የሚያጉረመርም አለ፤ ገንዘቡ ግን ይሰበሰባል። እኔ ከሒሳብ ሥራ ጡረታ የወጣሁ፣ ልጆቼን በዚሁ መንገድ ያስተማርኩ፣ በኅብረቱም ውስጥ ደረሰኝ የቆረጥኩ ሰው ነኝ። ሕዝባችን ለትምህርት ቤት እጁን አጥፎ አያውቅም። የጎደለን ገንዘቡ የሚታቀድበትና የሚታይበት ሥርዓት ነው።

መንግሥት ለምን አይሠራውም የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እያደገ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ነገር ግን ከክልል ወደ ወረዳ የሚወርደው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ ተከፍሎት፣ ጠመኔው ተገዝቶ ሲያበቃ ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ አምጥቷል። ለመማሪያ ቁሳቁስና ለጥገና ረድቷል፤ አዲስ ሕንፃ የሚያቆም ገንዘብ ግን አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» የሚል ንቅናቄ ሲጀምር ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል የዞረው ወደ ኅብረተሰቡ ነው። ሸክሙ ተመልሶ እኛው ጋ መጣ ማለት ነው።

በሌላ አገር ይህን ሸክም በሌላ መንገድ ይሸከሙታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሰሜናዊ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ የሚባል ካውንቲ አለ፤ ከኛ ወረዳ ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የካውንቲው ነዋሪ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ አንድ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፤ ለትምህርት ቤቶች ግንባታና እድሳት እስከ 435 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንበደር ወይስ አንበደር? መራጩ ይሁን አለ። አስተዳደሩ ቦንዱን ለባለገንዘቦች ይሸጣል፣ ትምህርት ቤቱን አሁን ይሠራል፣ ዕዳውን ደግሞ በዋናነት ከቤትና ከመሬት ግብር በሚያገኘው ገቢ ለብዙ ዓመታት ከነወለዱ ይከፍላል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ቤቱን ዛሬ ሠርቶ፣ እየኖረበት ቀሪውን እንደሚጥለው ነው።

በካሊፎርኒያ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። የትምህርት ቤት ቦንድ በ55 ከመቶ ድምፅ ሊጸድቅ ይችላል፤ ነገር ግን የሚሠሩት ሥራዎች ዝርዝር ከድምፁ በፊት መታወቅ አለበት፣ ከገንዘቡ ለመምህርና ለአስተዳዳሪ ደመወዝ አንድ ሳንቲም አይነካም፣ በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል፣ ቢያንስ ሰባት ነዋሪዎች ያሉበት ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ይቋቋማል። በኮሚቴው ወላጅ፣ ነጋዴ፣ አረጋዊ፣ የግብር ከፋዮች ተወካይ ይቀመጣሉ። እንደ ሒሳብ ሰው ከዶላሩ ይልቅ ያስቀናኝ ይህ ነው።

እኛም ቦንድን እናውቀዋለን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ መምህሩ የወር ደመወዙን፣ ገበሬው የአቅሙን ቦንድ ገዝቷል። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለትም ያለ ወለድ መግዛት ይችል ነበር፤ ይህ እንደ ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ቅሬ፣ ማለትም ባንድ እድር፣ በሚቀባበርበት አገር ትልቅ ነገር ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እንግዲህ የኛው ሀብሩ ወረዳስ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ቦንድ ለምን አይሸጥም? ሕጉ አይፈቅድለትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ክልሎች እንኳ ከአገር ውስጥ የሚበደሩት የፌዴራሉ መንግሥት በሕግ በሚወስነው ሁኔታ ነው። ቢፈቀድስ ከምን ይከፍላል? የወረዳው የራሱ ገቢ አነስተኛ ነው። አገሪቱ ራሷ በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ገበያ ከሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የደረሰባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። መክፈያው ያልታወቀ ብድር ለልጅ ልጅ ዕዳ ማውረስ ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ከብድር ሌላ መንገድ ያልነበረን ግን አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ወጥቶ ነበር። ግብሩ በመሬት ላይ የተጣለ ሲሆን መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ መጠኑ ይለያይ ነበር፤ ገቢውም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የትምህርት ቦርዶች ተቋቁመው ነበር። የዚያን ዘመን የመሬት ሥሪት በደል ማንም አይክደውም። ሆኖም ለትምህርት ብቻ የተለየ ግብር በአገራችን ሕግ ነበረ፤ ሁሉም እኩል ይክፈልም አላለም።

የዛሬው መዋጯችን እዚህ ላይ ይወድቃል። በመስኖ ማንጎና ብርቱካን የሚያለማው፣ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው፣ በቀን ሥራ የሚያድረው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሁሉም በአንድ ልጅ እኩል ይጠየቃሉ። ሦስት ልጅ ያላት ድሃ አንድ ልጅ ካለው ባለሀብት ሦስት እጥፍ ትከፍላለች። ባንድ ስብሰባ አንዲት እናት ተነስተው «ጋሼ፣ እኔ ብር የለኝም፤ ድንጋይ ላምጣ፣ ውኃ ልቅዳ» አሉኝ። የሴትዮዋ ድንጋይ መጣ፤ ግን የትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በሒሳብ ሥራዬ ከሁሉ የቆረቆረኝ ይህ ነው። የአሸዋው ጭነት፣ የአናጢው ቀን፣ የእናቶች ውኃ ዋጋ ወጥቶለት ቢመዘገብ ድሃው ምን ያህል እንደሰጠ በታየ ነበር።

ሌላው ጉዳት ጊዜ ነው። ጥቂት ጥቂት እየተሰበሰበ ባንክ የሚቀመጥ ብር እየሟሸሸ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቆርቆሮና ብረት የሚገዛ ኮሚቴ ይህን በኪሱ ያውቀዋል፤ ለአራት ክፍል የታቀደው ገንዘብ ለሁለት አይበቃም። እንደ ፌርፋክስ አስቀድሞ የመበደር አንዱ ጥቅም ከዚህ ማምለጡ ነው። እኛ መበደር ካልቻልን፣ ቢያንስ አምስት ሥራ ባንድ ጊዜ ጀምረን አምስቱንም ጣሪያ አልባ አናድርጋቸው። አንዱን ክፍል ከመሠረት እስከ መዝጊያ ጨርሰን ወደ ቀጣዩ እንለፍ።

ችግሩ አይጠብቀንም። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ በኛ መንገድ ሲያልፍ ከወልዲያ ጀምሮ በመርሳ አድርጎ ብዙ ነገር አውድሟል፤ በአማራ ክልል ከ4 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል። ያ ሳይጠገን ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ግጭት መጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ሕንፃ ብቻውን ውጤት አያመጣም። ነገር ግን አሲድና ቤዝን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይታ ያደገች ልጅ ቤተ ሙከራ ገብታ ከተማረች ልጅ ጋር እኩል ተፈተነች ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ አዋጅ ሳንጠብቅ ልንጀምረው የምንችለውን ልናገር። ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት የሥራው ዝርዝርና ግምቱ በየቅሬው ይነበብ፤ ወላጅ በድምፅ ይወስን። መዋጮው እንደ አቅም በደረጃ ይከፈል፤ ማን የትኛው ደረጃ እንደሆነ ከቅሬው ዳኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለእያንዳንዱ ብር የሞዴል 64 ደረሰኝ ይቆረጥ። ገንዘብ የማይነኩ ተቆጣጣሪዎች ይመረጡ፤ አንዲት እናት፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ተማሪ፣ ከመስጊዱና ከቤተ ክርስቲያኑ አንዳንድ ሰው ይኑርበት። ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ለክልሉ ምክር ቤትም የምለው አለኝ፤ ሕዝቡ ባዋጣው ልክ ክልሉ የራሱን የሚጨምርበት የግንባታ ፈንድ በሕግ ይቋቋም።

ጅዳና ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ የሀብሩ ልጆች፣ የላካችሁት ብዙ ጣሪያ አልብሷል። ከእንግዲህ ግን በሰው እጅ አትላኩ። በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ላኩ፣ ደረሰኙን በፎቶ አስልኩ፣ የተለጠፈውን ሒሳብም ጠይቁ፤ ካላሳዩዋችሁ እስኪያሳዩዋችሁ ድረስ ቀጣዩን አቆዩት።